ጋይድ የሚባለውን የሜዲኬር ፕሮግራም ሞከርነው፤ መጠይቁ ጥሩ ነው፣ የተጠየቀው ሰው ግን ስህተት ነበር

መጀመሪያ ለማን እንደምጽፍ ልናገር። አሜሪካ ሆኖ እናቱን ወይም አባቱን ቤቱ የሚያስታምም፣ ወላጁ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ካለ ይሄ ለሱ ነው። ሌላውም ቢያነበው አይጎዳውም።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ዲቪ ደርሷት መጥታ 22 ዓመት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ፎጣና አንሶላ ስታጥፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አንድ ነገር ደጋግማ መጠየቅ ጀመረች። እኛ እርጅና ነው አልን። ዘመድ "ጃጅታ ነው፣ አትከራከራት" አለን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጠበል አስጠምቋት አለች፣ አስጠመቅናት። ሐኪም ጋ የወሰድናት ግን አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤታችንን ሦስት ብሎክ አልፋ፣ የማታውቀው ሰው በር ላይ ከቁልፍ ጋር ስትታገል ስለተገኘች ነው። አልዛይመር ነው አሉን።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሐኪሙ አይደለም። ስለ መድኃኒቱም አይደለም። በሽተኛዋን ለአፍታ ትተው ወደ አስታማሚው ዞረው "አንተስ እንዴት ነህ? ምን ያስፈልግሃል?" ስለሚሉበት አገልግሎት ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ራሱ አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ስመላለስ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ስኳሯ፣ ስለ እንቅልፏ ተጠይቄያለሁ። ስለኔ እንቅልፍ የጠየቀኝ አልነበረም።

ጋይድ ማለት ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በአብዛኛው 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) በጁላይ 2024 የጀመረው፣ 8 ዓመት እንዲቆይ የታሰበ ሙከራ ነው። ለመርሳት በሽታ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ከሌላው የሚለየው አስታማሚውን አብሮ መመዝገቡ ነው፣ በሽተኛና አስታማሚ እንደ ጥንድ ነው የሚታዩት። ናቪጌተር የሚሏት አንዲት ሰው ትመደብላችኋለች፣ ነገር ሲጠፋባችሁ የምትደውሉላት እሷ ናት። በ24 ሰዓት በማንኛውም ጊዜ የሚደወልበት መስመር አለ። ለአስታማሚው ሥልጠና አለ። ከዛ ደግሞ ሁሉም ሰው ጆሮውን የሚያቆምበት ነገር፦ አስታማሚው እንዲያርፍ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ሌላ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ እንዲቀመጥላችሁ፣ ወይም ወላጃችሁ ዴይ ኬር እንዲውሉ፣ አለዚያም ለአጭር ጊዜ ተቋም ገብተው እንዲያድሩ ይከፍላል። ከኪሳችን የወጣ ነገር የለም።

ይሄንን ስሰማ ማጭበርበሪያ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ስልክ እየደወሉ የሜዲኬር ቁጥር የሚጠይቁ ሌቦች ስለበዙ ክሊኒኩ ሲደውልልኝ ዘግቼባቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ይሄን አንብቡ፣ ብዙ አበሻ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ፕሮግራሙ የሚሠራው ዋናው ሜዲኬር፣ ፓርት ኤም (የሆስፒታሉ) ፓርት ቢም (የሐኪሙ) ላለው ሰው ነው። አድቫንቴጅ የሚባለው በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጠው ውስጥ ያለ ሰው አይገባም። ጥርስ እንሠራለን፣ በየወሩ የሚሞላ ካርድ እንሰጣለን እያሉ ስንቱን እናትና አባት እንዳስፈረሟቸው ታውቃላችሁ። መመለስ ይቻላል፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ያለው ጊዜ ለዚህ ነው። ግን የጥርሱንና የመነጽሩን ጥቅም አብራችሁ እንደምታጡ አስባችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ አድርጉት። ሁለተኛው፣ በልጆቻቸው አቅራቢነት በእርጅና የመጡና እዚህ 10 ዓመት ሠርተው ግብር ያልከፈሉ ወላጆች ፓርት ኤን በአብዛኛው በነፃ አያገኙም፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ከበሩ ውጪ ናቸው። ነርሲንግ ሆም በቋሚነት የገባ ሰውም ሆነ ሆስፒስ (የሕይወት መጨረሻ እንክብካቤ) ላይ ያለ ሰው አይገባም። እናቴ የገባችው በ22 ዓመት ፎጣዋ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ ሁሉም ክሊኒክ ውስጡ የለም፤ ሐኪማችሁን "ጋይድ ውስጥ ናችሁ ወይ?" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ።

ወደ መጠይቁ ልግባ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው።

አስታማሚውን የሚመዝኑበት መጠይቅ ዛሪት ይባላል። ስቲቨን ዛሪት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1980 ያወጣው ነው። መጀመሪያ 29 ጥያቄ ነበረው፣ አሁን በብዛት የሚሠራበት 22 ነው። ለእያንዳንዱ "በጭራሽ" ካላችሁ 0፣ "ሁልጊዜ ማለት ይቻላል" ካላችሁ 4፣ ሌላው በመሃል። ሲደመር ከ88 ይታሰባል። እስከ 20 ከሆነ ሸክሙ ትንሽ ነው ወይም የለም ይላሉ። ከ21 እስከ 40 ቀላል እስከ መካከለኛ፣ ከ41 እስከ 60 መካከለኛ እስከ ከባድ፣ ከዛ በላይ ከባድ።

ጥያቄዎቹ ደፋር ናቸው። ለራስህ ጊዜ አጣህ ወይ? በሷ ጠባይ ታፍራለህ ወይ? ትናደድባታለህ ወይ? እንግዳ ቤትህ መጥራት ይከብድሃል ወይ? ጤናህ ተጎድቷል? ገንዘብ አነሰህ? ለሌላ ሰው ትቼያት በሄድኩ ብለህ ትመኛለህ? እንዲህ እያለ ይሄዳል። አበሻ ለንስሐ አባቱም የማይናገረውን ነው የሚጠይቁት።

እኛ ቤት እንዴት እንደተጠየቀ ልንገራችሁ። ናቪጌተሯ ቤታችን መጣች፣ ፈረንጅ ናት፣ ጥሩ ሴት ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። እናቴን የምታናግርበት የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ተያዘ፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እናቴን ስለ ቀኑ፣ ስለ ወሩ፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ ጠየቋት። ፕሬዚዳንቱን ስትጠየቅ "እሱን ተዉት" አለች፣ ሁላችንም ሳቅን። ከዛ የኔ ተራ ደረሰ። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ግን አስተርጓሚው መስመሩ ላይ እንዳለ ቀረ፣ የኔንም ጥያቄ እየተረጎመ ያነብልኝ ጀመር። እናቴ አጠገቤ ናት። ከደረቀ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ፎጣ እያወጣች፣ እንደ ሆቴሉ ሦስት ቦታ እያጠፈች ትደረድራለች።

መጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረስን። አስተርጓሚው ድምፁን ጠረግ አደረገና "በአጠቃላይ እናትዎን መንከባከብ ምን ያህል ሸክም ሆኖብዎታል?" አለ። በጠራ አማርኛ። በስፒከር።

እናቴ ፎጣውን ይዛ ቀና አለች። "ሸክሙ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ምን እላለሁ? ዘጠኝ ወር ተሸክማኝ፣ ከዛም አገር ለአገር ተሸክማኝ የመጣች ሴት ፊት ምን እላለሁ? "ምንም የለም እማዬ፣ ስለ ልብሱ ነው" አልኳት። ለናቪጌተሯ ደግሞ "በጭራሽ" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከዛ በፊት የነበሩትንም አብዛኞቹን "በጭራሽ" ወይም "አልፎ አልፎ" እያልኩ ነው ያለፍኳቸው። ነጥቤ 19 መጣ። ሸክም የለበትም ተባልኩ። በወረቀት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የመጠይቁ ነው ለማለት ይከብደኛል። ክሊኒኩ ለብቻዬ ሊያናግረኝ ይገባ ነበር፣ እኔም "ሌላ ክፍል እንሂድ" ማለት ነበረብኝ። ሸክም የሚለው ቃል ግን በአማርኛ ሲወርድ ክብደቱ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ እንደ ሐኪም ቃል ያልፋል። እኛ ጋ እናት ሸክም ናት ማለት እርግማን ነው የሚመስለው። አስተርጓሚ ለሚሆን ሰው ይሄ ቢነበብለት ደስ ይለኛል፦ "ምን ያህል ከበደህ?" በሉት። ይበቃል። ነገሩን የከበደው ሰው አለ እንጂ ሸክም የሆነ ሰው የለም።

ትልቁ ስህተት ግን ገና ነው።

ፎርሙ ላይ "ዋና አስታማሚ" የሚል አንድ መስመር አለ። የኔ ስም ነው የተጻፈው። ልጅ እኔ ነኝ፣ ስልክ የማነሳው እኔ፣ ቀጠሮ የምይዘው እኔ፣ እንግሊዝኛ የማወራው እኔ። ማንም "በዚህ ቤት ማን ነው የሚያጥባት?" ብሎ አልጠየቀም።

የምታጥባት ባለቤቴ ናት። ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ለሷም ለኔም የማይሆን ነገር ነው፣ አንድ ጊዜ ሞክሬ እናቴ በጥፊ መታችኝ፣ ልክ ናት። ባለቤቴ ደግሞ ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለት የነርስ ረዳት ናት። ሌሊት የሰው እናት ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። ጠዋት ቤት መጥታ የኔን እናት። እኔ ያኔ ሥራ ሄጃለሁ። ሌሊት ሥራ ያደረ ሰው መተኛት ያለበት ሰዓት ላይ እናቴ በር በሩን ትላለች፣ "አውቶቡሱ አመለጠኝ፣ ስንት ክፍል ቀረ?" እያለች።

እንዲያውም ማጠቡ ቀላሉ ነው ትላለች ባለቤቴ። የሚከብዳት ወርቁ ነው። እናቴ የሠርግ ሀብሏን ትደብቀዋለች። የት እንደደበቀችው ትረሳዋለች። ከዛ "ሚስትህ ወሰደችው" ትለኛለች። አንድ ቀን ስኳር ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ቀን በቆሸሸ ካልሲ ውስጥ አግኝተነዋል። አንዴ ደግሞ በፋሲካ ዘመድ በተሰበሰበበት "ይቺ ሌባ" አለቻት። ሁሉም በሽታው ነው ብሎ አለፈው። ባለቤቴም ሳቀች። ማታ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ያልተጠየቀችው።

እንዴት ተጠየቀች? ናቪጌተሯ በሁለተኛው ጊዜ ስትመጣ ባለቤቴ ቤት ነበረች። ቡና አፈላች። ናቪጌተሯ ዓይን አላት፣ እናቴ ወደ መጸዳጃ ስትነሳ ማን ከወንበር እንደሚነሳ አየች። ቡናውን ሳትጨርስ "አንቺንም ልጠይቅሽ?" አለቻት። ይሄን ጊዜ መኝታ ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው፣ እኔም ሳልኖር ነው። 40 ደቂቃ ያህል ቆዩ። እኔና እናቴ ሳሎን ፎጣ እናጥፋለን።

57።

አንድ ቤት፣ አንድ በሽተኛ፣ አንድ መጠይቅ። እኔ 19፣ እሷ 57። መኪና ውስጥ ሆነን ስትነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለች። መልስ የለኝም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ፣ ክሊኒኩ ሲደውል ፎርሙ ላይ የሚሞላው ስም ዳይፐር የሚቀይረው ሰው ስም ይሁን። ስልክ የሚያነሳው ሰው ስም አይደለም። በኛ ቤቶች ብዙ ጊዜ ምራት ናት፣ ወይም ያላገባችው ሴት ልጅ፣ ወይም ከአገር ቤት የመጣች የእህት ልጅ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሁለታችሁም ተጠየቁ። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የወጣው የእንክብካቤ ሕግ አስታማሚ የሆነ ሰው የራሱን ፍላጎት እንዲያጠኑለት ከአካባቢው አስተዳደር የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፣ በሽተኛው ባይጠና እንኳ። እኛ ጋ እንደ ክሊኒኩና እንደ ናቪጌተሯ ዓይን ነው።

ነጥቡ ከ19 ወደ 57 ሲዘል ምን ተለወጠ? ገንዘቡ ላይ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። የእረፍቱ ገንዘብ የሚፈቀደው በሽታው መካከለኛና ከዛ በላይ ለደረሰበት ሰው ነው፣ ጣሪያው ያው 2,500 ነው። ገና ጀማሪ ላይ ያለ በሽተኛ ቤተሰብ ይሄን አያገኝም፣ ይሄም ቅር ይለኛል፣ የመጀመሪያው ዓመት ነው ቤተሰብ የሚተራመሰው። የተለወጠው የምክሩ ዓይነት ነው። ለኔ "ራስህን ጠብቅ" የሚል ብሮሹር ነበር የሰጡኝ። ለባለቤቴ ግን በቁም ነገር ተቀመጡላት። እንቅልፏ መቼ እንደሆነ ተጻፈ። ሐኪም እንድታይ ቀጠሮ ተያዘላት። ስለ ማጠቡ ሥልጠና ተሰጣት።

ባለቤቴ "እኔ 11 ዓመት የሠራሁበትን ሊያስተምሩኝ ነው?" ብላ ስቃ ነበር። ግን አንድ ነገር አመጡ። መታጠቢያ ቤቱን ቀድማችሁ አሙቁት፣ ልብሷን ሁሉ አንዴ አታውልቁት፣ በፎጣ ሸፍናችሁ ከእግር ጀምሩ፣ በእጇ የምትይዘው ነገር ስጧት አሏት። እጇ ላይ ምን ሰጠቻት? እርጥብ ትንንሽ ፎጣ። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ባለቤቴ ታጥባታለች። የጥፊው ነገር በአብዛኛው ቀረ። ሁልጊዜ አይሠራም፣ አንዳንድ ቀን ምንም አይሠራም። ግን ከአምስት ቀን ሦስቱ ሰላም ከሆነ ለኛ ቤት በዓል ነው።

ስለ ወርቁም ነገሯት፦ አትከራከሪያት፣ አብረሽ ፈልጊላት። የሚመስል ርካሽ ሀብል ገዝተን እውነተኛውን አስቀመጥነው። ምድጃው ላይም ዓይኗ ወደቀ ናቪጌተሯ። እናቴ ውሃ የሌለው ጀበና ጥዳ ትረሳለች፣ ሁለት ጀበና ፈንድቶብናል። የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ አለችን። ነቀልናቸው። እንዴት እኔ አላሰብኩትም?

አሁን ወደ እረፍቱ። 2,500 ዶላር ብዙ ይመስላል። ወደኛ የመጣው ኤጀንሲ በሰዓት 34 ዶላር ነው የሚያስከፍለው። አካፍሉት፣ 73 ሰዓት ነው። በወር 6 ሰዓት። ኤጀንሲው ደግሞ ከ4 ሰዓት በታች አይልክም። በወር አንዴ ተኩል ማለት ነው። አንዲት ሴት በሳምንት ሰባት ቀን ለምትሠራው ሥራ በወር አንዴ ተኩል እረፍት። አልዛይመርስ አሶሲየሽን የሚባለው ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት አሜሪካ ውስጥ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመዱን ያለ ክፍያ ያስታምማል፣ ጉልበታቸው ቢተመን በ2024 ብቻ 413 ቢሊዮን ዶላር ነው ይላል። ከዚህ አንፃር 2,500 የቡና መጠጫ ነው። አልናቅኩትም። ግን አታጋንኑት።

የመጀመሪያዋ የተላከችልን ሴት አማርኛ አትችልም። ሰው አትጠላም፣ ግን እናቴ እንግሊዝኛዋ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። 22 ዓመት ከሱፐርቫይዘር ጋር የተጨቃጨቀችበት እንግሊዝኛ የለም። በሽታው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው በኋላ የተማሩትን ነው፣ የልጅነት ቋንቋ ይቆያል። ሴትዮዋ ረቡዕ ቀን እርጎ አቀረበችላት። እናቴ የራሷን ልጅ ስም ትረሳለች፣ ረቡዕን ግን አትረሳም። ኩርፊያ ሆነ፣ እርጎውም ምንጣፍ ላይ። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ተነስታ መጣች። እረፍት ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ኤጀንሲው ስንናገር "አማርኛ የሚችል የለንም" አለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ! ናቪጌተሯ ሌላ ፈለገችልን፣ ስድስት ሳምንት ፈጀ። የመጣችው የኛው ሰው ናት፣ በዕድሜ ከባለቤቴ ትበልጣለች። የመጀመሪያ ቀን እናቴ እንደ ልማዷ "ስንት ክፍል ቀረ?" አለቻት። እኛ ሁልጊዜ "እማዬ አሁን ሥራ የለሽም፣ ጡረታ ወጥተሻል" ነው የምንላት፣ እሷም ትረበሻለች፣ ከሥራ የተባረረች ይመስላታል። ሴትዮዋ ግን ሳታስብ "ሁለት ብቻ ነው እትዬ፣ እሱን ጨርሰን ቡና እንጠጣለን" አለቻት። እናቴ "እሰይ" ብላ ተቀመጠች። እሷም ሆቴል ሠርታለች ለካ።

ስለ መጠይቁ ራሱ ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ ምን ያህል ከበደህ ይላል እንጂ ምን ይምጣልህ አይልም። ስሜት ይለካል። 57 የሚለው ቁጥር ባለቤቴ የቀን እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋት፣ በፋሲካ ስትሰደብ ዘመድ ዝም ማለቱ እንደሚያማት አይናገርም። ያንን ያወጣችው ናቪጌተሯ ናት፣ ከቡናው ጋር። ስለዚህ ነጥቡ ከተደመረ በኋላ "በቃ ጨረስን" ካሏችሁ አልጨረሳችሁም፣ የሚያስፈልጋችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ሁለተኛ፣ ክፉውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። እናቴ ባለቤቴን ጠዋት ሌባ ብላ፣ ማታ እግሯን ስታጥባት "ልጅ አግኝተሽ ተጧሪ፣ እጅሽ አይንጠፍ" ብላ ትመርቃታለች። ምርቃቱ አንድ ቃል አልጠፋባትም። ባለቤቴ ለዛ ስትል ሌላ ወር ትቆያለች። ለሱ ነጥብ የለውም።

ስለ ዛሪት ሳነብ ግን አንድ ነገር አስገረመኝ፣ እሱን ብዬ ላብቃ። ያ የ1980ው ጥናት ላይ አስታማሚው የሚሰማው ክብደት ከበሽተኛው ጠባይ ክፋት ጋር አልተያያዘም። የተያያዘው ሌላው ቤተሰብ ስንት ጊዜ እየመጣ እንደሚጠይቅ ነው። ጠያቂ የሚበዛበት ቤት ቀለል ይላል። የኛ ሰው ደግሞ ሰው ሲወልድ፣ ሲታመም፣ ሲሞት ቤት ይሞላል፤ አልዛይመር ሲሆን ግን "አታውቀንም፣ ምን እናደርጋለን" ብሎ ይቀራል። እኛም ጋ ቀርተው ነበር። አሁን ለሁለት የማኅበር ጓደኞቿ ደውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ስማቸውን አታውቅም። አብረው ፎጣ ያጥፋሉ።

ደረጃ? ለፕሮግራሙ ከአምስት ሦስት ተኩል። ለናቪጌተሯ አምስት ከአምስት። ለመጀመሪያው ኤጀንሲ አንድ፣ እሱም የላኳት ሴት ጫማዋን ስላወለቀች። ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት የማትችሉ አልዛይመርስ አሶሲየሽን 1-800-272-3900 ላይ ሌሊትም ቀንም ያነሳል፣ አማርኛ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስታወሩ ግን ስፒከሩን አጥፉት።

ይሄን ስጽፍ ከዓመቱ የእረፍት ሰዓት 19 ቀርቶናል። ባለቤቴ አራቱን ለእህቷ ልጅ ክርስትና አስይዛለች። ቀሪውን ለመተኛት ነው ብላለች።